ያውካ

የእማማ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ ሣጥኗ ተከፈተ። ያልተለበሰ ጥበብ ቀሚስ፣ ዳር ዳሩን አይጥ የቀመሰው የዕድር ደብተር፣ ባዶ የጠበል ጠርሙስ፣ ሳያልቅ የቀረ ፈትል ወጣ። ከሥር፣ ጥግ ላይ፣ ሦስቴ የተቋጠረ ነጭ መሐረብ ነበረ። ቋጠሮውን በጥርሷ የፈታችው እቴቴ ናት፤ የእማማ የመጨረሻ ልጅ፣ የእኔ አክስት። ውስጡን አየችና መልሳ ቋጥራ እጄ ላይ አኖረችው።

«ወርቁን እነሱ ይካፈሉት። አንቺ መመርመር ስለምትወጂ ይኼን ያዢ።»

መፍታት አላስፈለገኝም። ያውካ ነበረች።

ስሙን ያወጣነው እኔና የአጎቴ ልጅ ነን። እሱ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ የእንግሊዝኛ ፊደል የለየ ሰሞን፣ እማማ ለቅሶ ቤት በሄደችበት ሣጥኑን ከፍተን አገኘናት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ቢጫ፣ የሴት የእጅ ሰዓት። ፊቷ ላይ ተቀጣጥሎ የተጻፈ አምስት ፊደል አለ። ልጁ ጣቱን ሳያሳርፍ በአየር ላይ እየተከተለ «ዋይ... ኤ... ዩ... ኬ... ኤ...» ብሎ ቆጠረና «ያውካ!» አለ። በሳቅ ፈረስን። ያን ዕለት ማታ እማማ ጸሎት ላይ እያለች አጠገቧ ሄዶ «ያውካ፣ ያውካ» ሲል ጭኑን ተቆነጠጠ። ለብዙ ዓመት ጸሎት ስላወከ የተቆነጠጠ ይመስለን ነበር።

ስለ ሰዓቷ በቤታችን የሚነገረው አንድ ነው። አባባ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ከመሞቱ በፊት ከፒያሳ የገዛላት የስዊስ ወርቅ ሰዓት ናት። የባሏ ማስታወሻ ስለሆነች አታስራትም፤ ቋጥራ አኖረቻት። ልጆቿን ስትድር እንኳ አስራት ያየ የለም። በለቅሶዋ ቀን አንዲት ጎረቤት ይህንኑ እያነሳች እማማን ስታሞግስ ሰምቻለሁ። ታሪኩ ያምራል። ስለሚያምር ይመስለኛል ማንም ነክቶት የማያውቀው።

የወንድ ሰዓት ቢሆን ሥራው ይቀለኝ ነበር። የወንድ ሰዓት ፊቱ ሰፊ ነው፣ የሠራውም ድርጅት ስሙን፣ አገሩን፣ አንዳንዴም የሞያውን ዝርዝር ይደረድርበታል። የድሮ የሴት ሰዓት ግን ሁሉን ነገር አሳንሶ ይደብቃል። ደግሞ ፊት ላይ የተጻፈ ስም ብዙም አያስተማምንም። በስዊስ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ሞተሩን ከትልልቅ የሞተር ፋብሪካዎች እየገዙ የራሳቸውን ስም ያትሙበት ነበር። ፊት ታድሶ ሊቀባ ይችላል፤ የአንዱ ሰዓት ፊት ለሌላው ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት ጀርባዋን ክፈቱ ነው። የሠሪው ምልክት ያለው ሞተሩ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወዲያና ወዲህ ከምትወዛወዘው ክብ ጎማ ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። ምክሩን ሰምቼ በኩሽና ቢላ ሞከርኩ። አልተከፈተችም። ጠርዟ ላይ ያለችው አዲስ ጭረት የእኔ ሥራ ናት።

መክፈቱ ሲያቅተኝ ከውጭ የሚታየውን ልጨርስ አልኩ። ስዊስ ናት ስለተባልኩ ስዊስን ፈለግሁ። ስዊሶች በወርቅ ሰዓት ላይ ማኅተም ነበራቸው፤ 18 ካራት ከሆነ ሄልቬቲያ የሚሏት ሴት ራስ፣ 14 ካራት ከሆነ ሽኮኮ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁሉም ቀርቶ የውሻ ራስ ሆኗል። እኔም ከጎረቤት ፋርማሲስት ማጉያ መነጽር ተውሼ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ አንዲት ሴትና አንድ ሽኮኮ ስፈልግ ዋልኩ። ሁለቱም የሉም። ማሰሪያው በሚገባበት ጆሮ ሥር ግን ሁለት የላቲን ፊደልና ቁጥር አገኘሁ፦ ኤዩ 10። ኤዩ በኬሚስትሪ ትምህርት የወርቅ ምልክት መሆኑን አልረሳሁም። ለአጎቶቼ ልጆች «ወርቅ ናት!» ብዬ ጻፍኩላቸው። አንዱ በደቂቃ ውስጥ የግራሙን ዋጋ ላከልኝ።

ወርቅ ቤቱ ሰውዬ ሚዛን ላይ እንኳ አላስቀመጣትም። መሙያዋን፣ ያቺን በጎን የምትጠመዘዘዋን ትንሽ ጉብታ፣ በጥፍሩ ጫፍ አሳየኝ። ቢጫው አልቆ ሌላ የደበዘዘ ቢጫ ታይቷል። «ቅብ ነው እህቴ። ከሥር ነሐስ ነው።» አስሩ ቁጥር ካራት ሳይሆን የቅቡ ውፍረት መሆኑን ያወቅሁት ቤት ገብቼ ሳነብ ነው፤ አስር ማይክሮን፣ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ፣ ከአንድ የራስ ፀጉር በብዙ የሚሳሳ። ይህን ዓይነት አጻጻፍ፣ ኤዩ ብሎ ከጎኑ ማይክሮኑን ማስቀመጥ፣ በብዛት የሚጠቀሙበት ደግሞ ስዊሶች አልነበሩም።

ያን ማታ ፊቷን በስልክ ካሜራ አንስቼ አጎላሁት። ከስድስት ቁጥር ሥር፣ የመስተዋቱ ጠርዝ ግማሹን የሸፈነው ደቃቅ ጽሕፈት አለ። መጨረሻው ላይ ሦስት ጨረቃ የመሰሉ ፊደላት ከአንድ «ፒ» ጋር ተሰልፈዋል። ሲሲሲፒ። እናትና አባቶቻችን ከማሽን ገላ ላይ፣ ከሬዲዮ ጀርባ ላይ የሚያውቁት ፊደል ነው፤ እኛን ትምህርት ቤት ያመላለሰን ሰማያዊና ነጭ ላዳም የመጣው ከዚያው አገር ነው። የስዊሷ እመቤት የሶቪየት ልጅ ሆና አረፈችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። የአጎቴ ልጅ «ዋይ» ያለው ፊደል ሩሲያኛው «ቸ» ነው፤ «ዩ» ያለው «ይ» ነው። ቻይካ። ዓሣ የምትለቅም ነጭ የባሕር ወፍ ማለት ነው። ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ሰኔ 9 ቀን 1955 በእኛ አቆጣጠር፣ በነሱ ሰኔ 16 ቀን 1963፣ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ብቻዋን ወደ ጠፈር ስትወጣ የሬዲዮ መጠሪያ ስሟ ቻይካ ነበር። ሰዓቶቹን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ከሞስኮ ወደ ሰሜን ቮልጋ ወንዝ ዳር ኡግሊች በምትባል ከተማ ነበር፤ ቴሬሽኮቫ በተወለደችበት በዚያው በያሮስላቭል ክፍለ አገር። የልጅነት ስድባችን የጠፈርተኛ ስም ሆኖ ተገኘ። ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። እሱ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ ከሥራ ወጥቶ መኪና ውስጥ ነበር። «ይሁን፤ ለእኔ ያውካ ናት» አለ።

ፊቷ ላይ አንድ ሌላ ነገር ነበረ። ከስድስቱ ከፍ ብሎ፣ ከሰሊጥ የማይበልጥ፣ ባለ አምስት ማዕዘን ምልክት። ሶቪየቶች ጥራቱ የተመሰከረለት ዕቃ ላይ የሚያትሙት የመንግሥት ምልክት ነው። የተጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ 1959። አባባ የሞተው በ1957 ነው።

ወረቀት ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ከዚህ በኋላ ያሰብኩትን ብደብቅ ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፣ ደስታ ነበር፤ አንድ ነገር የያዘ ፖሊስ ደስታ። አባባ ካልሰጣት ማን ሰጣት? ወደ ውጭ አገር ለሽያጭ የሚላኩት የሶቪየት ሰዓቶች በአብዛኛው በላቲን ፊደል ነበር የሚጻፍባቸው። የእኛዋ በሩሲያኛ ነው የተጻፈባት። ስለዚህ እዚያው አገር ገብቶ ከሱቅ የገዛት፣ በኪሱ ይዟት የመጣ ሰው አለ። ባሏ የሞተባት የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ሩሲያ የሄደ ሰው፣ ሦስት ቋጠሮ። እሑድ ቡና ላይ ለእቴቴ እንዴት አድርጌ እንደማነሳው ሳሰላስል ሳምንቱ አለፈ።

ከእሑድ በፊት ግን ጀርባዋ መከፈት ነበረበት። ሰዓት ሠሪ ፍለጋ ፒያሳ ሄጄ የማውቃቸውን መደዳዎች አጣኋቸው፤ ሰፈሩ የፈረሰ ሰሞን ነበር። ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ወደ ሌላው እየተባልኩ ሄጄ አንድ አዛውንት መርካቶ፣ በአንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ፣ የመስተዋት ሣጥናቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። ሣጥኑ ላይ አሁንም የድሮው ቦታቸው አድራሻ ተጽፏል። ሰዓቷን ተቀብለው ዓይናቸው ላይ ማጉያቸውን ሰኩ።

«ማነው በቢላ የታገላት?»

ዝም አልኩ።

«ልጄ፣ መክፈቻዋ እኮ በዚህ ነው» አሉና በአንድ ምላጭ መሳይ ነገር ቀጭ አደረጓት። ሰዓት በሕይወቴ ሙሉ ሳስር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሴት ሰዓት ሞተር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ስሙኒ የማትሸፍን ቦታ ላይ ያ ሁሉ ጥርስ። በመካከሉ ነጠብጣብ ቀይ ድንጋዮች። 17 ናቸው፤ በፋብሪካ የሚሠሩ ሩቢዎች ስለሆኑ በገንዘብ የሚያወጡት ነገር የለም፣ ሥራቸው የጎማዎቹ ዘንግ እየፈተገ ቤቱን እንዳይበላው ማድረግ ነው። ዳር ላይ 1601 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። የሶቪየት ሰዓት ሞተር ቁጥሩ ራሱ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይነግራሉ፣ አሥራ ስድስት። የኋለኞቹ ሁለቱ የሰከንድ ቆጣሪ አለው የለውም፣ ሲወድቅ ይችላል አይችልም የሚለውን ነው የሚሉት። ያውካ የሰከንድ ቆጣሪ የላትም።

«ሩስያ የተማሩት ሁሉ ይዘዋት ይመጡ ነበር፤ ለእናት፣ ለእህት፣ ለእጮኛ። ስንቷን አጥቤያለሁ!» አሉ ጋሼ። ከዚያ ሞተሩን ትተው የክዳኑን ውስጥ ወደ ብርሃን አዘነበሉትና ጠሩኝ። «ይኼን አየሽው?»

ሰዓት ሠሪ ሰዓት ሲያጥብ በክዳኑ ውስጥ በመርፌ የሚጭረው ምልክት አለው። ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ መቼ እንደነካው፣ እሱ ይሁን ሌላ ሰው እንዲያውቅ ነው። የሰዓቱ ባለቤት አያየውም። በያውካ ክዳን ውስጥ አራት ጭረት ነበረ፣ ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ የተጻፈ፣ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር፦ 25/6/74። 24/2/80። 11/10/87። 26/3/98።

«ይህችኛዋ የሟች ወዳጄ እጅ ናት» አሉ ሁለተኛዋን እያሳዩ፤ «ስምንትን በሁለት ቀለበት ነው የሚጽፋት።» ቀጥለው መሙያዋን አዩ። «ሴትየዋ አሥራት ነበር?»

«ኧረ አታስራትም ነበር። ሣጥን ውስጥ ነው የኖረችው።»

«ብታስራትማ ጀርባዋን ላብ ይበላው ነበር። ጀርባዋ ደህና ነው። መሙያዋ ግን አልቋል። ይኼ በየቀኑ ሲሞላ የኖረ ሰዓት ነው ልጄ።» የዚህ ዓይነት ሰዓት ሞላው ከአንድ ቀን ተኩል ብዙም አይዘልቅም፤ በየማታው ካልሞሉት ይቆማል። አስር ማይክሮን ወርቅ በሁለት ጣት ፈትጎ ለመጨረስ ስንት ማታ ይፈጃል?

እሑድ እቴቴ ቤት ሄድኩ። ያዘጋጀሁት መግቢያ ሁሉ ጠፋብኝና ጀበናው ሳይወጣ «ሰዓቷ የአባባ አይደለችም አይደል?» አልኳት።

«አይደለችም» አለች ቡናውን እያመሰች።

«ታውቂ ነበር?»

«ላላውቅ ነው? አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ጠየቃችሁኝ?»

ትልቁ አጎቴ ነው። በ1969 በነጻ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ፣ በ1972 ትምህርቱን በጨረሰ ጓደኛው እጅ ነው የላካት። አብሯት ደብዳቤ ነበረ፤ እማማ ማንበብ ስለማትችል ያነበበችላት እቴቴ ናት። ከደብዳቤው አንድ ነገር በቃሏ ታስታውሳለች፦ ቆጣሪዋን እንዳትነኩባት፣ እዚህ ሞልቻት ነው የላክኋት፣ የእኛና የእናንተ ሰዓት አንድ ነው። እቴቴ ይህን ስትነግረኝ ተጠራጥሬ በስልኬ አየሁ። እውነት ነው። ሞስኮና አዲስ አበባ ከግሪንዊች እኩል ሦስት ሰዓት ይቀድማሉ፤ ሶቪየቶች በበጋ ሰዓት ወደፊት መግፋት የጀመሩትም በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ዓመት ልዩነት አልነበረም። እሱ ማታ ስምንት ይለዋል፣ እማማ ማታ ሁለት ትለዋለች፤ ቆጣሪዋ ግን የምታርፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው።

«ለጥቂት ዓመት አስራታለች» አለች እቴቴ። «እንዲያውም በኩራት። እንጀራ ስትጋግር ብቻ ነበር የምታወልቃት።» በ1975 ልጁ በበርሊን በኩል ወደ ምዕራብ መሻገሩ ተሰማ። ያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፣ ያልኖረበት ለእናቱ ምን ያስከትል እንደነበር ከእናቱ ይጠይቅ። ግድግዳ ላይ የነበረው ፎቶው ወረደ። ደብዳቤው ምድጃ ገባ። ሰዓቷ መሐረብ ውስጥ ገባች፤ ሰው ሲጠይቅም «የባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው፣ የስዊስ ነው» ተባለ። ሟችን ቀበሌ አይጠራውም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 የአጎቴ መርዶ ከጀርመን መጣ፤ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ያኔ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ልጆች ግን የአባባን ታሪክ ይዘው አድገው ነበር፣ እማማም አልነካችውም።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እኔም ያለኝን አወጣሁ። ስለ መሙያዋ ስነግራት እቴቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ማታ ማታ ከትራሷ ሥር ጥርር የሚል ነገር ትሰማ እንደነበር፣ መቁጠሪያ ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ። አራቱን ቀኖች ግን አታውቃቸውም። ከእጄ ወረቀቱን ነጥቃ አነበበች። «74 እሺ። 80?» አለች። ከዚያ «87?» ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ አራተኛውን አየችው። በ1998 እማማ ሰባ አልፏታል። ከሰፈር ወጥታ የምትሄደው በወር አንድ ቀን ነበር።

«በሃያ ሦስት» አለች እቴቴ።

በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ትሳለማለች። በእግሯ፣ ብቻዋን፣ ዝናብም ቢሆን። ማንም አብሯት እንዲሄድ አትፈቅድም፤ ስእለት ነው ትል ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ፒያሳ ሰዓት ሠሪዎች ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአራቱ ጭረቶች ሦስቱ ከ23 በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የተጻፉ ናቸው። አራተኛው፣ የሰኔው፣ ለምን በ11 እንደሆነ ሁለታችንም አላገኘነውም። እቴቴ «ምናልባት ቆማባት ይሆናል፣ እስከ 23 መቆየት አቅቷት» አለችና ፊቷን ወደ ጀበናው መለሰች።

ሰዓቷን ለማሳጠብ መርካቶ ጥያት ነበር። ጋሼ ሐሙስ ነይ ብለውኝ፣ ሐሙስ ደርሼ፣ ማክሰኞ ነይ ብለውኝ፣ በመጨረሻ ስሄድ እየሠራች አገኘኋት። በቀን ሦስት ደቂቃ ወደኋላ ትላለች፣ ከዚህ በላይ አትጠብቂባት አሉኝ። መሙያዋን ከሌላ አሮጌ ቻይካ ነቅለው ሊቀይሩልኝ አዘጋጅተው ነበር፤ የሚያበራ፣ ጥርሱ ያልደከመ። ይቅር አልኳቸው። ለጣት አትመችም እኮ አሉ። ይሁን አልኩ።

የእጃቸውን ዋጋ ከፈልኩና ክዳኗን ከመግጠማቸው በፊት እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። በአራቱ ሥር፣ ገና የሚያበራ፣ አምስተኛ ጭረት አለ። 14/9/16። በስልኬ ላነሳው ሞከርኩ፤ ካሜራው የእኔን ዓይን እንጂ ጽሕፈቱን አልያዘም። ጋሼ ትንሽ ጠበቁኝ፣ ከዚያ ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ቀጭ አደረጉት።